ቀለም ያልነካት አደይ

ያሰሩን እጅ ለእጅ ነው፤ የእኔን ቀኝ ከሽማግሌው ግራ ጋር። ብረቱን የገጠመው ዘበኛ ሌላ ሰንሰለት እንደሌለና በዚያ ሰሞን ለአንድ ሰው አንድ ብረት ማግኘት እንደማይቻል፣ ይቅርታ የሚጠይቅ በሚመስል ድምፅ ነገረን። አዳማ ያኔ አንድ የባቡር ጣቢያ፣ ጥቂት የነጋዴ ሱቆችና ብዙ አቧራ ነበረች። ደንበኛ እስር ቤት አልነበራትም። ያስገቡን አንድ አሮጌ የቆዳ መጋዘን ውስጥ ነው።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ጨው ተነስንሶበት፣ በደንብ ሳይደርቅ የተከመረ የከብት ቆዳ ሽታ። ቆዳው ከተነሣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ሌላ ሰው አፍንጫውን ይይዝ ነበር። እኔ በቆዳ መካከል ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ለአፍታ ቤቴ የገባሁ መስሎኝ አፈርኩ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር ነው። ከጣሪያው ሥር በምሥራቅ በኩል አንዲት ጠባብ ክፍተት ነበረች፤ ብርሃን የምንለው ሁሉ የሚገባው በእሷ ነው።

ሥራዬን አስቀድሜ ልናገር፤ ያለ እሱ ይህ ታሪክ አይገባም። ደጓሽ ነበርኩ። የብራና መጽሐፍ በቆዳ ይለበጣል፤ ቆዳው ላይ በጋለ ብረት ሐረግና መስቀል ይታተምበታል። ድጉስ የሚባለው ያ ነው። ወደ አዳማ የወረድኩት እንደ ብዙ ሰው ባቡሩን ተከትዬ ነው፤ ስደርስ ግን ከተማዋ የሚለበጥ መጽሐፍ የላትም። ያላት ግሪክ ነጋዴ፣ ህንድ ነጋዴና የባቡር ሠራተኛ ፈረንጅ ነው። ፈረንጆቹ ለበዓላቸው የሚላላኩትን የእንኳን አደረሰህ ወረቀት አንድ ቀን አየሁና፣ ይህንንማ እኔም እሠራዋለሁ አልኩ።

ወፍራሙን ወረቀት ከግሪኩ ሱቅ እገዛለሁ። ጥቁሩን ቀለም ከኩራዝ ጥላሸት፣ ከተቆላ ገብስና ከግራር ሙጫ አዘጋጃለሁ፤ ቢጫውን ከእርድ። ኩራቴ ግን ቀለሙ አልነበረም። ወረቀቱን በትንሹ አርጥቤ ጀርባውን ወደ ላይ አደርግና ለስላሳ ጨርቅ ላይ አነጥፈዋለሁ። ከዚያ ጫፉ ተሞርዶ በዶለዶመ ቀንድ እየተጫንኩ አበባው በፊት በኩል እንዲያብጥ አደርጋለሁ። ሲደርቅ እብጠቱ ባለበት ይቀራል። ቀለም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም በስሱ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው እየተጨመረ፣ አለዚያ ወረቀቱ ውሃ ጠጥቶ እብጠቱ ይተኛል። በዚያ አገር ይህን የምሠራ እኔ ብቻ ነበርኩ። ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ይህንኑ ስደሰኩር እውላለሁ።

ሽማግሌው የበቅሎ ነጋዴ ናቸው። አገራቸው ወሎ ሆኖ፣ ከሞጆ እስከ አዋሽ ባለው መንገድ ግን የማያውቃቸው አልነበረም። ከመታሰራችን በፊት በነበረው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሱቄ ድረስ መጡ። ሞጆ ላይ ልጅ እንዳለቻቸው፣ ገና ሕፃን ሳለች ፈንጣጣ ዓይኗን እንደወሰደው ነገሩኝ። የሰፈሩ ልጆች ለእንቁጣጣሽ አደይ በወረቀት እየሣሉ በየቤቱ ያድላሉ፤ እስላም ክርስቲያን ብለው አይለዩም፤ ለእሷም ያመጡላታል። ተቀብላ ትመርቃቸዋለች። ሲሄዱ ወረቀቱን ትዳስሰውና ታስቀምጠዋለች።

«ለእሷ ያው ባዶ ወረቀት ነው» አሉኝ። «አንተ ዘንድ የሚያብጥ አበባ አለ ሲሉ ሰማሁ። ቀለሙን ተወው። አበባዋን ብቻ ሥራልኝ።»

ሠራሁላቸው። እሳቸው ለንግድ ወደ ቆላ ስለወረዱ ያደረስኩላትም እኔ ነኝ። በባቡር ሞጆ ሄድኩ፤ ቤታቸው ከጣቢያው ጀርባ፣ ቆዳ የሚሰጣበት ሜዳ ዳር ነው። ልጅቱ፣ ልጅ ልበላት እንጂ ሙሉ ሴት ናት፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈለቅቅ ነበር። ወረቀቱን ተቀብላ ስትዳስስ ጣቷ አበባዋ ላይ ደረሰና ቆመ። ከዚያ በዝግታ ዙሪያዋን ሄደ። እንደገና ሄደ። ልጆቹ የሚሥሏት አደይ ይቺ ናት እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። በሰው ሁሉ አፍ ሲጠራ የኖረ ነገር እንዲህ ትንሽ መሆኑ ገርሟት ሳቀች። በሥራዬ ብዙ ተመስግኛለሁ፤ እንደዚያ ሳቅ ደስ ያለኝ ግን የለም።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ አንድ ጎልማሳ ከጓዳ ወጣ፤ እኔን ሲያይ ተመልሶ ገባ። ወንድሜ ነው አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። እኔም አልጠየቅኋትም። ከዙፋን የወረደውን የወሎውን ልዑል ደግፈው የተዋጉ ሰዎች በየአገሩ ይታደኑ ነበር፤ የዚያን ልዑል ስም ጮክ ብሎ መጥራት እንኳ ያስቀጣል። አንድ የወሎ ጎልማሳ በጠራራ ፀሐይ ጓዳ ውስጥ ለምን እንደሚውል ለመገመት ብልህ መሆን አያስፈልግም።

በሚቀጥለው ክረምት ሽማግሌው ተመልሰው ሁለተኛ አበባ አሠሩኝ። የመጀመሪያዋ በመዳሰስ ብዛት ተኝታለች ብለው ሳቁ። ያቺን ሁለተኛዋን በኮርቻቸው ከረጢት እንደያዙ ነው አዳማ ጣቢያ ላይ የተፈተሹት። ወሎዬ ነጋዴ ሁሉ የሚፈተሽበት ጊዜ ነበር። ሌላ ምንም አልተገኘባቸውም፤ ወደ ብርሃን ሲያጋድሉት ብቻ የሚታይ ምልክት ያለበት አንድ ቀለም የሌለው ወረቀት ብቻ። ማን እንደሠራው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። አዳማን ያደነቆርኳት እኔው ነኝ። የዚያኑ ዕለት ከቀትር በኋላ ከሱቄ አውጥተው ወሰዱኝ።

ከሰው ጋር በአንድ ብረት መታሰር ያልቀመሰው ሰው አይገባውም። እጅህ የአንተ አይደለም። ቆሎ ለመዝገን ቀኜን ሳነሣ የእሳቸው ግራ ተከትሎ ይነሣል። እሳቸው ጆሯቸውን ሲያኩ እኔ እጎተታለሁ። ገና ሳንነጋገር ነው ሁለታችንም ቀስ ማለትን የተማርነው፤ አንዱ ሊንቀሳቀስ ሲል በብረቱ ትንሽ ይነካካል፣ ሌላው እጁን ያለዝባል። በሰላት ጊዜ ሲሰግዱ አብሬ መጎንበስ ነበረብኝ፤ ግንባራቸው አፈሩን ሲነካ የእኔም ፊት ከአፈሩ አይርቅም። ጠዋት እኔ ሳማትብ ደግሞ የእሳቸው ግራ እጅ ሳይወድ ወደ ግንባሬ፣ ወደ ደረቴ፣ ከትከሻ ትከሻ አብሮ ይዞር ነበር። መጀመሪያ ቀን ሁለታችንም ሳቃችንን ዋጥን። በሁለተኛው ቀን እሳቸው አልቻሉም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኛ እኮ ከሰው ሁሉ ሁለት እጥፍ እየጸለይን ነው።»

መጋዘኑ ውስጥ የሳቅነው ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ መሳቃችንን አላስታውስም።

ሞጆን አንሥተን አናውቅም። በተያዝን ዕለት ቃላችንን ሲቀበሉን ሽማግሌው ልጅም ዘመድም የለኝም፣ ቤቴ የበቅሎዬ ጀርባ ነው ብለዋል። ይህን ሲሉ አጠገባቸው ታስሬ ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ሁሉ የገባኝ። ወረቀቱ ለዓይነ ስውር ልጃቸው ነው ብል እውነት ነው፤ ቀላልም ነው፤ ምናልባት ሁለታችንንም ያስፈታናል። ነገር ግን የት ናት ይባላል። ቤቱን አሳይ ይባላል። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ያ ጎልማሳ አለ። ከተያዘ ምን እንደሚሆን ማንም ያውቀው ነበር፤ ጣቢያው ፊት ለፊት ያለውን ግራር ለዚህ ጉዳይ የተጠቀሙበት ጊዜ አለ። ይህን ሁሉ እሳቸውም ያውቃሉ፤ እኔ ማወቄንም ያውቃሉ። ዝም በል አላሉኝም። አደራ እንኳ አላሉኝም። በዚያ ጨለማ ጎናቸው ተኝቼ፣ ምነው ቢለምኑኝ እል ነበር። ቢለምኑኝ ይቀለኝ ነበር።

የከተማው ሹም ያስጠራን ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። እሱን እዚህ አንቱ አልለውም፤ ያኔ የሚበቃውን ያህል ብዬዋለሁ። ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ እኛ ቆመናል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አጋድሎ ይዞ ብዙ ተመለከተው። ደደብ ሰው አልነበረም፤ ቁጡም አልነበረም። እንዲያውም ድምፁ ለስላሳ ነው። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የእንቁጣጣሽ ወረቀት ነው፣ አደይ ነው አልኩት።

«አደይ ቢጫ ነው» አለ። «ይህ ቢጫ ነው?»

አይደለም ጌታዬ አልኩ። እሱ ግን ሰው እንዳያየው ተብሎ የተሠራ ምልክት መሆኑን፣ አበባ ለመታየት እንጂ ለመደበቅ እንደማይሣል፣ ክብ ሆኖ ዙሪያው የሚያበራ ነገር ዘውድም ፀሐይም ሊሆን እንደሚችል አንድ በአንድ ተናገረ። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ለማን ሊደርስ እንደነበር ጠየቀኝ።

ከሽማግሌው እጅ አንዳች ነገር እጠብቅ ነበር። መነካካት፣ መሳብ፣ መንቀጥቀጥ። ምንም የለም። ሰንሰለቱ በመካከላችን ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። ሽማግሌው የወንድ ልጃቸውን ነፍስ እኔ ላይ ጥለው እጃቸውን አለዝበው ቆመዋል። ከሞጆ ሌላ የሚታየኝ ነገር አልነበረም፤ ሜዳው፣ የተሰጣው ቆዳ፣ ጥጡ። አፌን ስከፍት ምን እንደሚወጣ እኔም አላውቅም ነበር።

«አላለቀም፣ ጌታዬ» አልኩ።

ከዚያማ አፌ ለመደው። የኔ ሥራ መጀመሪያ ይታተማል፣ ቀለም ኋላ ነው አልኩት፤ ይህ እውነት ነው። ቀለም አልቆብኝ ነበር፣ እሳቸው መንገደኛ ስለሆኑ አልጠበቁኝም፣ እንዳለ ይዘውት ሄዱ አልኩት፤ ይህ ውሸት ነው። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፣ የበቅሎ ደንበኛ አይጠፋቸውም አልኩ። ሹሙ ፊቴን ሲያይ ቆየ። ውሸቴን የያዘኝ መሰለኝ። ያለኝ ግን ያላሰብኩትን ነው።

«እንግዲያው ጨርሰው። እዚሁ፣ እያየሁህ።»

ሰው ልኮ ከሱቄ ብርዔንና በቀንድ የተሞላ ቀለሜን አስመጣ። ብረቱን እንዲያወልቁልኝ ለመንኩ፤ አይሆንም አለ። ጠረጴዛው አጠገብ ተንበርከክን፤ እሳቸውም በግድ አብረው። ወረቀቱ ፊቴ ተቀመጠ። ሱቄ ብሆን ያን አበባ ቀለም ለማልበስ ከጠዋት እስከ ማታ ይወስድብኝ ነበር፤ ትንሽ አስነክቼ አደርቃለሁ፣ ትንሽ አስነክቼ አደርቃለሁ። ሹሙ ግን ቶሎ በል ይለኛል። ብርዑን ቢጫው ውስጥ ነክሬ የመጀመሪያዋ የአበባ ቅጠል ላይ አሳረፍኩ። ወረቀቱ ውሃውን ጠጣ። ቅጠሏ ዓይኔ እያየ ተኛች።

ቀኝ እጄ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የእሳቸው ግራ አብሮ ይሄዳል። ከላይ ለሚያይ ሰው ሁለታችን ተጋግዘን የምንሥል እንመስል ነበር። እየዞርን እያንዳንዷን ቅጠል አስተኛን። ለልጃቸው ብለው ያሠሩትን፣ በገዛ እጃቸው አስከትለው አጠፉት። ቀና ብዬ ፊታቸውን ለማየት አልደፈርኩም። ስጨርስ አበባዋ ደማቅ ቢጫ ሆነች፤ ዓይን ላለው ሰው ታምራለች። በጣት ቢነኳት ግን ምንም የለም።

ሹሙ ወደዳት። በጣም ወደዳት። እንዲህ ያለ ባለሙያ በእጁ እንዳለ አሁን ገና ማወቁን ነገረኝ፤ እንቁጣጣሽ መድረሱ ነውና አዲስ አበባ ላሉት አለቆቹ የሚልከው ወረቀት እንድሠራለት አዘዘኝ። እብጠት ግን አልፈልግም አለ። ሁሉም ነገር የሚታይ ይሁን አለ።

ወደ መጋዘኑ መለሱን። የባቡሩ ፉጨት ሲያልፍ ነው ሽማግሌው የተናገሩት።

«እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«የእርስዎ ነው አባቴ» አልኳቸው።

«የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አሉ። ከዚያ በነጻ እጃቸው የታሰረውን እጄን ደባበሱት። ምስጋናቸው ይኸው ነው።

በማግስቱ ወረቀት፣ ቀለምና ብርዕ መጋዘኑ ድረስ መጣልን። ጠዋት ፀሐይ በዚያች ክፍተት ገብታ ወለሉ ላይ ስታርፍ እሷን ተከትለን እየተንፏቀቅን እሠራለሁ፤ ስትሸሽ እናቆማለን። ዘበኛው በር ላይ ይቀመጣል። የቦሰት ልጅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሲከፍትልን በኦሮምኛ አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ፣ ይለናል፤ ሽማግሌው ነጋ፣ ደኅና፣ ብለው ይመልሱለታል። ሽማግሌው በእሱ ቋንቋ ስለ በቅሎ ሲያወሩት ፊቱ ይፈታ ነበር። ጥሩ ሰው ነበር ለማለት አልቸኩልም፤ ብረቱን የሚቆልፍብን እሱ ነው። ነገር ግን ክፉ ወሬ ሲመጣም ቀድሞ የነገረን እሱ ነው። ሽማግሌው በሚመጣው ባቡር ወደ ታች ይወርዳሉ አለ። ወደ ታች የት ድረስ እንደሆነ አላወቀም። እኔ አልተጠራሁም።

ሽማግሌው ወሬውን ሰምተው ጢማቸውን አሻሹ። የሹሙን ወረቀቶች ተመለከቱ፤ በቢጫና በጥቁር ደምቀው ግድግዳውን ተደግፈው ይደርቃሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ለመኑኝ።

«ቀለም የሌላትን አንድ ታወጣልኛለህ?»

የሹሙ ወረቀት ቢጎድል ይታወቃል። ወረቀቱ የመጣበት መጠቅለያ ግን ወፍራም ነበር፤ እሱን የሚፈልገው የለም። ያልተጨማደደውን ጎኑን መርጬ እጥፋቱ ላይ በጥንቃቄ ቀደድኩት። የምጫንበት ቀንዴ ስለሌለኝ የብርዑን ጀርባ ድንጋይ ላይ አሽቼ አዶለዶምኩት። ከሥር የሚነጠፈው የጋቢያቸው ጫፍ ሆነ። ወረቀቱን ያረጠብነው በእንስራው ሥር በቀረችው ውሃ ነው፤ ከሰላት በፊት ለሚታጠቡት ለውዱእ ያስቀሯት ናት። ቢጠማቸው እንኳ ከዚያች ውሃ ጠጥተው አያውቁም። አንድ ጊዜ ባፈር ብተጣጠብ አላህ አይቆጣኝም አሉ።

ዘበኛው ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል። መሐሉን ክቡን አወጣሁ፤ ከዚያ ቅጠሎቹን ተራ በተራ። በታሰረ እጅ መሥራት ከብዶኝ ነበር፤ እሳቸው ግን እጃቸውን እንዲህ አለዝበው ይዘውት ስለነበር ክብደቱ እንኳ አልተሰማኝም። የመጨረሻዋ ቅጠል ስትቀር በብረቱ ነካ አደረጉኝ።

«ይቺን እኔ ልጫናት።»

ብርዑን ሰጠኋቸው። በቀኛቸው ጨበጡት፣ ለበቅሎ ኮቴ ብረት እንደሚቸነክር ሰው። ተጫኑት፤ ከመጠን በላይ ተጫኑት። ወረቀቱ ሊቀደድ ጥቂት ቀረው። ቅጠሏ ከሌሎቹ ወፈረች፣ ወደ አንድ ጎንም ዘመመች። ወረቀቱን ገልብጠው አዩና አበላሸኋት አሉ። አላበላሿትም አልኳቸው፤ እጄ ግን ሥራው ነውና ሊያስተካክላት ሄደ። መድረስ አልቻለም። ሰንሰለቱ ተወጥሯል። ሽማግሌው በግራ እጃቸው ቀኜን ይዘውታል። ተዋት አላሉም፤ ያዙኝ ብቻ። እጄን እስካለዝብ ድረስ ያዙኝ።

ጠዋት ዘበኞች መጥተው ብረቱን ከእኔ ፈቱና ለእሳቸው ብቻ አጠለቁት። እጄ ክብደቱን ሲያጣ ሳላዝዘው ወደ ላይ ብድግ አለ። ያን የእጄን ብድግ ማለት እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። ሽማግሌው ወረቀቷን እኔ ዘንድ ትተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። አደራ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ያኔም አላሉም።

«አብሽር» አሉኝ። ወጡ። በሩ ተዘጋ። ቆይቶ ባቡሩ ጮኸ፤ ወደ አዋሽ በኩል እየራቀ ሲሄድ ቆሜ ሰማሁት።

የሹሙን ወረቀቶች ጨርሼ አስረከብኩ። አንድም ቦታ አላበላሸሁም፤ ብርዕ ለያዝኩት ለእኔ የቀረኝ ክብር እሱ ብቻ ስለመሰለኝ። እንቁጣጣሽ አለፈ። አለቆቹ ሳይወዷቸው አልቀሩም፤ ከመስቀል በፊት ውጣ ተባልኩ። በሩ ላይ የሹሙ ጸሐፊ ተቀምጦ ዘበኛው እንዲፈትሸኝ አዘዘ። ወረቀቷን ባርኔጣዬ ውስጥ ነበር የያዝኳት፤ እብጠቱን የሚጫን ነገር የሌለበት ሌላ ቦታ አጥቼ። ዘበኛው ባርኔጣዬን አወለቀ። ወረቀቷን አወጣ። በአንድ በኩል አያት፣ በሌላ በኩል አያት። አውራ ጣቱ በላይዋ ላይ ሄደና አንድ ቦታ ቆመ። የት እንደቆመ አወቅሁ። ዓይኑን አንሥቶ አየኝ።

«ሆማ ሚቲ» አለ፣ ወደ ጸሐፊው ሳይዞር። ከዚያ ለጸሐፊው በአማርኛ ደገመለት። «ምንም የለበትም። ባዶ ወረቀት ነው።»

ባርኔጣዬን እሱ ራሱ መልሶ ደፋልኝ፤ ቀስ አድርጎ።

ወዲያው ሞጆ አልሄድኩም። የሚከተለኝ ሰው እንደሌለ እስካምን፣ ጤፉ እስኪታጨድ ድረስ ቆየሁ። ስደርስ ልጅቱ እዚያው ደጃፍ ላይ ናት። ጓዳው ባዶ ነው። ወንድሟ አባቱ መያዛቸውን የሰማ ዕለት ወደ አርሲ ተሻግሯል፤ ሰላም መድረሱን ሰምታለች። ወረቀቷን ሰጠኋት። የማወራው ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ጣቷ መሄድ ሲጀምር ሁሉም ጠፋብኝ። ዙሪያዋን ሄደች፣ ሄደች፣ ዘማሟ ቅጠል ላይ ስትደርስ ቆመች። ተመልሳ ሌሎቹን ዳሰሰች። መጥታ እዚያው ቆመች።

«ይቺን የሠራሃት አንተ አይደለህም» አለች።

አይደለሁም አልኳት። የት ናቸው አለችኝ፤ በባቡር ወሰዷቸው አልኩ። ወዴት አለችኝ፤ አላውቅም አልኩ። ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም። ወረቀቷን ገለበጠቻት። የፊቱ እብጠት በጀርባው ጎድጓዳ ነው። ያቺን ጎድጓዳ ፈልጋ አገኘቻትና ጣቷን አስገባች፤ አባቷ በተጫኑበት በኩል፣ እጃቸው በነበረበት ቦታ። ፀሐይዋ ከደጃፉ እስክትሄድ ድረስ ጣቷን አላነሣችም።

ይህ ከሆነ ዘመን አለፈው። ከተማዬ ናዝሬት ተብላለች፤ ሱቁ ሁሉ የሚያብለጨልጭ ፖስትካርድ ይሸጣል፤ ልጆቹ ግን አሁንም አደይ እየሣሉ ይመጣሉ። ሽማግሌው የት እንደወረዱ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። መተሐራ ጠይቄአለሁ፣ አዋሽ ጠይቄአለሁ፣ የባቡር ሰው ባገኘሁ ቁጥር ጠይቄአለሁ። ሰው ከባቡር ላይ እንዲህ ይጠፋል ብዬ አላስብም ነበር።

ለልጅቱ በየዓመቱ አንድ አበባ እወስድላት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ጥበቤን ሁሉ አፍስሼ እንከን የሌላት ሠራሁ። ዳሰሰቻት፣ አመሰገነችኝ፣ «ዘንድሮ ሙሉ ናት» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ያለውን ቅሬታ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ አንዷን ቅጠል አልሠራትም፤ እሷም ክፍተቷ ላይ ስትደርስ ጣቷን እዚያ ታሳርፍ ነበር። እሷም ካለፈች ቆየች። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግን አሁንም አንድ ወረቀት አረጥባለሁ፣ ጨርቁን አነጥፋለሁ፣ ቅጠሎቹን ተራ በተራ እጫናለሁ። የመጨረሻዋ ቦታ ስደርስ ቀኝ እጄ ይቆማል። የያዘው ሰው የለም። እስኪለቀኝ ድረስ እጠብቃለሁ።